ከማዶ ወንበር የተቀመጠው ልጄ

የወለድኳቸው ልጆች እንኳ አዳራሹ ውስጥ «ማስተር» ነው የሚሉኝ። «አባ» የምባለው በሩን ቆልፈን ከወጣን በኋላ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የራሱን ልጅ ከሰው ልጅ ለይቶ የሚያይ አሠልጣኝ፣ የሰውን ልጅ ምንጣፍ ላይ አቁሞ የማስመታት መብት የለውም ብዬ ስለማምን ነው። ዛሬም አምናለሁ። ይሁንና ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ላይ የሆነውን እንደ ማስተር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደ አባት እጽፈዋለሁ።

አዳራሽ ስል ሰፊ ነገር አይታሰብ። ሰቆጣ ከተማ ዳር ያለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ስለሚንኳኳ እርስ በርስ አንሰማማም። ምንጣፋችን ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው፤ በላዩ ሸራ ወጥረንበታል። የምንመታው ከጣሪያው እንጨት ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ያረጀ የመኪና ጎማ ነው። በዚህ ቤት ቴኳንዶ ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው።

እኔን ያስጀመረኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ቀይ ቀበቶ ነበረው። ከሥራ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለጥቂት ጎረምሶች ያሳየን ነበር። ዓመት ሳይሞላው ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አልነበረኝም። ቪዲዮ ቤት ገብቼ ያየሁትን በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ የጭቃ ግድግዳ ፊት ቆሜ እሞክረዋለሁ። እግሬ ምን ያህል እንደተነሳ የሚነግረኝ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላዬ ነበር። ጥላዬ አሞካሽቶኝ አያውቅም፤ እግሬ ካልተነሳ አልተነሳም ነው። እኔም ለሠልጣኞቼ እንደዚያው ለመሆን ሞክሬያለሁ። ብዙዎቹ ለዚህ አይወዱኝም።

መጀመሪያ ወደ ክልል ውድድር የሄድኩት ብቻዬን ነው። በቴኳንዶ ከምንጣፉ በሁለቱም ወገን አንዳንድ ወንበር ይቀመጣል፤ የየተጋጣሚው አሠልጣኝ እዚያ ላይ ሆኖ ለልጁ ይጮህለታል። የእኔ ወንበር ባዶ ነበር። የተጋጣሚዬ አሠልጣኝ ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። «እግሩን ሲያነሳ እጁን ይጥላል፤ ያኔ ግባበት» አለው። ሰማሁት። አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋዬ ነው፤ ይህን ለመስማት ግን ይበቃኛል። ቀጥዬ እግሬን ሳነሳ እጄን አልጣልኩም። ልጁ እንደተነገረው ዘው ብሎ ገባ፤ የጠበቀው ተረከዜ ነበር። ግጥሚያው በዚያው አለቀ።

ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ነግሬዋለሁ። ለልጄ ከሁሉም አብልጬ ነግሬዋለሁ።

ጉልበቴ በሌላ ውድድር ተጠምዞ አልድን ሲለኝ መጋጠሙን ትቼ ወደ ወንበሩ ዞርኩ። ያኔ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ተጋጣሚ በሚሰማው ቋንቋ አልጮህም። የምጮኸው በኽምጣኛ፣ በቤታችን ቋንቋ ነው። ግባ፣ ጠብቅ፣ ከላይ፣ ከሆድ፤ ሁሉም በኽምጣኛ ሆነ። ከዋግ ኽምራ ውጭ የሚሰማው አይገኝም። ቋንቋውን የማያውቁ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆችም አዳራሹ ውስጥ ተማሩት። ከደሴ ተመድባ የመጣች አንዲት ነርስ «ማስተር፣ ልጄ ጎረቤት ሲገባ የሚያውቀው ኽምጣኛ ጭንቅላቱን በለው የሚለውን ብቻ ነው፤ እንዴት አድርጌ ከሰው ላኑረው?» ብላኝ ነበር።

የሌሎች ዞኖች አሠልጣኞች አልወደዱልንም። አንዱ ግጥሚያ አስቁሞ ለዳኛው ከሰሰ።

«ምን እንደሚል አይታወቅም። ወይ በአማርኛ ይናገር ወይ ዝም ይበል» አለ።

ዳኛው ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። «የሚያሠለጥነው ያንተን ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ላንተ ምን ያደርግልሃል ብትሰማው?»

ያየ ሁሉ ሳቀ። እኛም ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይከለክለን በቋንቋችን ተጫወትን።

የመጀመሪያ ልጄ ያደገው በዚህ ጩኸት ነው። እግሩ ከሌሎቹ አይፈጥንም ነበር፤ ጆሮው ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ያውቀዋል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እናቴን ጤና ጣቢያ ይዟት የሚሄደው እሱ ነበር። እሷ አማርኛ አትሰማም፤ ሐኪሙ ኽምጣኛ አይሰማም። እሱ መሀል ቆሞ የሷን ለሐኪሙ፣ የሐኪሙን ለሷ ያደርሳል። ሐኪሙ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ልጅህ አንዲት ቃል አያስቀርም» አለኝ። ያን ቀን እንደኮራሁ በውድድርም ኮርቼ አላውቅም።

ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አዳራሹ ውስጥ ቆመን ቃል ተቀበልኩት። ጨርሶ ይመጣል፤ ወንበሩን ይረከበኛል። «እመጣለሁ፣ ማስተር» አለኝ። አባ ስላላለኝ ቃሉን የአዳራሽ ቃል አድርጌ ያዝኩት። ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፤ እኛም ተበትነን እንደገና ተሰበሰብን። መንገዱ ሲከፈት እሱ አልመጣም። ሥራ አግኝቻለሁ አለ። ምን ሥራ እንደሆነ ስጠይቀው «ከስፖርት ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ አለፈው። እኔም አላፋጠጥኩትም። ያደገ ልጅን እንደ ሌባ መመርመር አልወድም።

ታናሽ እህቱ በዚህ መሀል ደርሳ ለክልሉ ቡድን ምርጫ በቃች። አብረዋት የተማሩት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ወጥተዋል። ከወረዳዎቻችን፣ ከጻግብጂም ሆነ ከሰሃላ፣ ልጅ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። በበረሃና በባሕር የቀሩትን ለቅሶ እኔም ተቀምጫለሁ። እሷ ተደብቃ አልሄደችም፤ ፊቴ ቆማ ነገረችኝ።

«አባ፣ ከተመረጥኩ ክልሉ እያኖረኝ ያሠለጥነኛል፤ እማራለሁም። ካልተመረጥኩ ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። ጎማ ስመታ እዚህ አላረጅም።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት። እውነቷን ነበር። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ዕድሜዋ ያልፋል። እንግዲህ ልጄ ከቤት ወጥታ የት እንደምትደርስ የሚወሰነው በአንድ ግጥሚያ ነበር።

ባሕር ዳር የገባነው በዋዜማው ነው። ያረፍነው ወንዱ ልጄ በተከራየው ክፍል ነው። መንገድ ያሳበጠውን እግሬን ካላጠብኩ አለ፤ ውሃ አሙቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያንን የተጠመዘዘ ጉልበቴን ሳይቀር አሸልኝ። ሽሮ ሠርቶ አበላን። እህቱ ወደ ውጭ ወጣ ስትል የቆረጠችውን ነገርኩት። «ነገ ካልተመረጠች ትሄዳለች» አልኩት። የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው።

«ጉልበቷ እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው። ግራው ብቻ ሲደክማት ይከብዳታል።»

«እ።»

«ነገ ትመጣለህ አይደል?»

«እዚያው ነኝ» አለ።

በማግስቱ የእህቱ ተጋጣሚ ወደ ምንጣፉ ስትወጣ፣ የክለቧን ቱታ ለብሶ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ከኋላዋ የመጣው እሱ ነበር። ከማዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ መጀመሪያ ወንበር የተሳሳተ መስሎኝ በእጄ ወደኛ ጠቆምኩት። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝና ጎንበስ ብሎ የልጅቷን የደረት መከላከያ ያጠብቅ ጀመር።

ልሄድበት ከወንበሬ ተነሳሁ። ግን ዳኛው እየጠራ ነበር። ሥራው ይህ ከሆነ ሥራ ነው፤ ማታ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ ይህን በኋላ እንነጋገራለን ብዬ ቁጭ አልኩ። ቋንቋው በጭራሽ አልታሰበኝም። አሁን ሳስበው የሞኝ ነገር ነው። ስንት ዓመት ኽምጣኛን እንደ ግቢያችን አጥር ሳየው ኖሬ፣ ከገዛ ልጄ የሚጋርደኝ አጥር እንዳልሆነ አላስተዋልኩም።

የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። «ጠብቂ» አልኩ። ልጄ ስትጠብቅ ተጋጣሚዋ ምንም ሳትፈራ ገባችባት። «ከላይ» አልኩ። የልጄ እግር ገና ከመሬት ሲነሳ የተጋጣሚዋ ክንድ ፊቷን ሸፍኖ ይጠብቃል። «ከሆድ» ስል ክርኗ ወረደ። ነጥብ በነጥብ ላይ አስቆጠሩብን። ዙሩ ሲያልቅ ልጄ ውሃ እየጠጣች ዐይኔን አላየችም። «ፈጣን ናት» አልኳት። «አዎ፣ ፈጣን ናት» አለች።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው አፉን ያየሁት። እኔ አንድ ቃል ስል የሱ ከንፈር ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ጤና ጣቢያ ውስጥ በእናቴና በሐኪሙ መሀል ቆሞ እንደነበረው፣ ፊቱን ወደ ሰሚው አዙሮ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የኔን ኽምጣኛ ለዚያች ልጅ በአማርኛ እያደረሰላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ብናገር ለጠላት መንገር ነው። ውሸት እንዳልጮህ፣ «ግቢ» ስላት አምናኝ የምትገባ ሠልጣኝ ነው ያሳደግኩት፤ በሐሰት ቃል ልጄን ወደ ተጋጣሚዋ እግር አልሰዳትም። ዝም ማለት ደግሞ የድሮውን ባዶ ወንበር ለሷ ማውረስ ሆነብኝ። ልጄ ዝምታዬን ሰምታ በጎን አየችኝ። ዳኛው ቀበቶ እንዲያጠብቁ ሲያቆማቸው ወደኔ ዞረች።

«ማስተር፣ ይናገሩ እንጂ» አለችኝ፣ በኽምጣኛ፣ ጮክ ብላ። «ያለርስዎ ድምፅ አልችልም።»

እሺ ብዬ ተናገርኩ። «ከላይ» አልኩ፤ እውነትም ከላይ ክፍት ነበር። ልጄ ግን ከሆድ መታች። ተጋጣሚዋ ፊቷን ሸፍና ስለነበር ሆዷ ባዶውን ነበር። «ጠብቂ» አልኩ፤ ገባች። «ግቢ» አልኩ፤ ቆማ ጠበቀች፤ ልትቀድማት የመጣችው ተጋጣሚ ራሷ የልጄ እግር ላይ ደረሰች። ነጥቡ ተስተካከለ፤ አለፈም። ተመልካቹ ያጨበጭባል። እኔ ግን ከወንበሬ ላይ እየነደድኩ ነበር። እሱ ቃሌን ሸጠ፤ እሷ ደግሞ ቃሌን ጣለች ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ዙር ያልኩትን አንዱንም አልሠራችም። በኔ ቃል ላይ ተራምዳ አሸነፈች።

ዳኛው እጇን ሲያነሳ አላጨበጨብኩም። ተመርጣለች፤ ዓረብ አገር አትሄድም፤ ሌላ አባት ቢሆን መሬት ይስም ነበር። እንደ ወጉ አሸናፊዋ ወደ ተጋጣሚዋ አሠልጣኝ ሄዳ ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች። ልጄ ወደ ወንድሟ ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ እሱም በሁለት እጁ ጨበጣት። ያቺ የተሸነፈች ልጅ እያለቀሰች መጥታ ለኔ ጎንበስ አለች። የሷ ለቅሶ ለኔም በሆነልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ውጭ ከቧንቧው አጠገብ ወንዱ ልጄ ተከትሎኝ መጣ።

«አባ።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ማስተር ነኝ።»

«እሺ፣ ማስተር።» ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «ወንበር ላይ የተቀመጠ የሚያውቀውን ለሠልጣኙ አይሰስትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እህትህ ናት።»

«አዳራሽ ውስጥ ሠልጣኝ እንጂ እህት የለም ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እርስዎስ የዚያን አሠልጣኝ ጩኸት ሰምተው አይደል ያሸነፉት?»

«እኔ የሰማሁት የባዕድ ሰው ነው። አባቴን አላዳመጥኩበትም።»

ፎጣውን ከቧንቧው ሥር ነክሮ ጨመቀው። እኔም የማልፈልገውን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ስለ እህቱ ጉልበት ለዚያች ልጅ ነግሯት እንደሆነ።

«አልነገርኳትም» አለ። «እሱን ማዕድ ላይ ነው የነገሩኝ። ያደረስኩት የተጮኸውን ብቻ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ሐፍረት አልነበረም። እንዲያውም የሆነ ድንበር የጠበቀ ሰው መስሎ ነበር። እኔ በማዕድና በወንበር መካከል ድንበር እንዳለ አስተምሬው አላውቅም። ራሱ ያበጀው ነው። ትክክለኛ ድንበር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እከራከርበታለሁ፤ ከሌላ ከማንም ጋር አይደለም፣ ከራሴ ጋር። ያን ቀን ግን ጥዬው ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ የቀረውን ጋቢዬን እንኳ አምጡልኝ አላልኩም።

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ አውቶቡሱ ጋሸናን እስኪያልፍ ከሴት ልጄ ጋር አልተነጋገርንም። ኋላ እሷ ጀመረች።

«ተቆጥተዋል።»

«ከላይ ስልሽ ለምን ከሆድ መታሽ?»

«በመጀመሪያው ዙር ነው ያወቅሁት፣ አባ። እሱ ሲያስተረጉም ሰማሁት። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይዋሹልኝ ነበር?»

የፊቴን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ።

«አይዋሹም» አለች። «ቢሞክሩም ያስታውቅብዎታል፤ ጆሮዎ ይቀላል። እሱ ደግሞ ጆሮዎን ያውቀዋል። ስለዚህ እርስዎ እውነቱን ይበሉ፤ እሱ እውነቱን ያድርስ፤ እኔ ተቃራኒውን ልሥራ አልኩ።»

«ያለርስዎ ድምፅ አልችልም ያልሽውስ?»

«እሱም እውነት ነው» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች። «ድምፅዎ ባይኖር በምን አታልላት ነበር?»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን አልሳቅሁም። ነገሩን በየሰዉ ቆጥሬ ሳየው ከዚያ ምንጣፍ ላይ ሳይታለል የወጣ የለም፤ ከሁሉም የታለልኩት ግን እኔ ነኝ። ወንዱ ልጄ አፌን ዘርፎ ቃሌን እንዳለ አደረሰ። ሴቷ ደግሞ ሳልፈቅድላት እውነቴን ወጥመድ አድርጋ ዘረጋችው። ሐሰት አልናገርም ብዬ ስታበይ ኖሬ ሐሰቱ በኔው አፍ ተነገረ። እሷን ለማዳን ነው፤ አውቃለሁ። ዳነችም። አንባቢ ማንኛው የበለጠ አመመህ ቢለኝ ወንድየው ነው እላለሁ። ሴቷ የወሰደችው ቃሌን ነው። እሱ የወሰደው ማታ እግሬን ሲያጥብ አይቼው የተኛሁትን እንቅልፍ ነው።

እሷ አሁን ባሕር ዳር ከክልሉ ቡድን ጋር ናት። ለቡድኑ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ የተመደበው ወንድሟ ነው። ይህን ስሰማ ሁለተኛ የተሸነፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ግን ልጄን ካለችበት አላስመጣትም። ሰቆጣ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ በአማርኛ ማሠልጠን ሞክሬ ነበር። የነርሷ ልጅ ነው ያስተወኝ። «ማስተር፣ በአማርኛ ሲናገሩ የሚያስተምሩ ሳይሆን የሚቆጡ ይመስላሉ» አለኝ። እውነት ሳይሆን አልቀረም፤ ወደ ኽምጣኛው ተመለስኩ።

በቀደም ልጄ ደወለች። ግራኝ ተጋጣሚ ገጥሟታል፤ እንዴት ልያዛት አለችኝ። ከኋላዋ የሰፊ አዳራሽ ማሚቶ ይሰማል፤ የሆነ ሰው ፎጣ ያራግፋል።

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«እሱ ነው» አለች።

ለሷ በኽምጣኛ ነገርኳት፤ የቆመውን እግሯን ወዴት እንደምታዞር፣ የቱን እጅ እንደማትጥል፣ አንዱንም ሳላስቀር። እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ድምፄን ግን አልቀነስኩም። ስጨርስ ስልኩን እሱ ተቀበላት።

«አባ» አለኝ በኽምጣኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ ሳለ እንደሚናገረው። «የምታዞረው እግሯን አስቀድማ ነው ወይስ ወገቧን?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። የአሠልጣኝ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚያውቅለትም ከኔ ሌላ የለም። ወገቧን ነው ብዬ መለስኩለት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት፤ በአማርኛ። እሱ እንደገና በኽምጣኛ አመሰገነኝ። እኔ በአማርኛ ደህና ዋል አልኩት። እስካሁን እንዲሁ ነን። ሲደውል እሱ በቤታችን ቋንቋ ይናገራል፤ እኔ እንደ እንግዳ ሰው በአማርኛ እመልስለታለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ረስቼ በኽምጣኛ እመልስለት ይሆናል። እስካሁን ግን አልረሳሁም።